የዲዋር ጠርሙስ በፕላስቲክ ልብስ፦ የአንድ ሊትር የብርጭቆ ፔርሙዝ ግምገማ

ለስምንት ወራት በየቀኑ የተገለገልሁበት ፔርሙዝ አንድ ሊትር የሚይዝ፣ ውስጡ የብርጭቆ፣ ውጩ የፕላስቲክ የሆነ፣ ዕቃ መሸጫ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ከመሰሎቹ በምንም የማይለይ ዕቃ ነው። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ እንዲህ ያለውን ፔርሙዝ የሚያወጡ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው፣ የምናገረው ምስጋናም ሆነ ቅሬታ ለአብዛኞቹ ይሠራል። ዕቃውን በቅርብ ስመረምረው ግን ሁለት ሠሪዎች እንዳሉት ተረዳሁ። ውስጠኛውን ጠርሙስ ያሰበው ጄምስ ዲዋር የተባለ ስኮትላንዳዊ የፊዚካል ኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ የቀረውን ሁሉ፣ ማለትም ክዳኑን፣ መያዣውን፣ ቅርፊቱንና የታችኛውን መዝጊያ የጨመሩት ከእሱ በኋላ የመጡ ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች ናቸው። በእነዚህ ስምንት ወራት የዲዋር ድርሻ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም፤ የተሰነጠቀው፣ የላላውና ያፈሰሰው ሁሉ የሌላው ሠሪ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ዋናውን ነገር ልናገር። የክፍሉ ሙቀት 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነበት ቀን፣ ፔርሙዙን በሙቅ ውሃ ካለቀለቅሁ በኋላ 95 ዲግሪ የሆነ ውሃ እስከ አንገቱ ሞላሁበትና በቴርሞሜትር ተከታተልሁት። 6 ሰዓት ቆይቶ 82፣ 12 ሰዓት ቆይቶ 72፣ 24 ሰዓት ቆይቶ ደግሞ 56 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። ግማሹን ብቻ ሞልቼ ስሞክረው በ24 ሰዓት ወደ 43 ዲግሪ ወረደ፤ ይህ የዕቃው ጉድለት አይደለም፣ ሙቀት የሚወጣበት መንገድ ሳይቀንስ የተጠራቀመው ሙቀት በግማሽ በመቀነሱ የመጣ ነው። በረዶ የተጨመረበት ውሃም በማግስቱ በረዶው ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ አገኘሁት። ሳያለቀልቁ መሙላት ገና ከመነሻው ሦስት ዲግሪ ያህል ያስከፍላል፤ ቀዝቃዛው ብርጭቆ ራሱ መጀመሪያ መሞቅ አለበትና።

ይህን ውጤት ያስገኘው ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ሰው የታችኛውን የፕላስቲክ መዝጊያ ወደ ግራ አዙሮ ይፍታ። ውስጠኛው ጠርሙስ ቀስ ብሎ ሲወጣ መስታወት መስሎ የሚያብለጨልጭ፣ ከግምት በላይ ቀላል የሆነ ነገር እጅ ላይ ይቀመጣል። አንድ ጠርሙስ ይመስላል፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡና በአንገታቸው ላይ ብቻ የተጋጠሙ ሁለት ጠርሙሶች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ነው። የክፍተቱ ግድግዳዎች በቀጭን ብር የተለበጡ ሲሆን፣ የእኔው ላይ ሁለቱ ብርጭቆዎች እንዳይነካኩ የሚደግፉ ሦስት ትናንሽ ጠቆር ያሉ ነጥቦች በብሩ ውስጥ ይታያሉ። ከሥሩ፣ ልክ መሐል ላይ፣ የጡት ጫፍ የምታክል ሹል የብርጭቆ ጭራ አለች። በዚያች በኩል መጀመሪያ የብሩ ውህድ ገብቶ ግድግዳውን ከለበጠ በኋላ ወጥቷል፤ ቀጥሎም አየሩ ተመጥጧል፤ በመጨረሻ ብርጭቆው በእሳት ቀልጦ ተደፍኗል። የዕቃው ነፍስ ያለችው እዚያች ጭራ ላይ ነው፤ ከተሰበረች አየር በቅጽበት ይገባል፣ ከዚያ በኋላ በእጅ የቀረው ተራ ጠርሙስ ነው።

ሙቀት ከአንድ ነገር ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ ሦስት ነው፤ በንክኪ፣ በአየር ወይም በፈሳሽ ዝውውር፣ እንዲሁም በጨረር። ባዶው ክፍተት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይቆርጣል፣ ምክንያቱም ሙቀቱን የሚቀባበል ነገር በመካከል የለም። ጨረር ግን ባዶ ቦታን ያለ ችግር ስለሚያልፍ ብሩ እንደ መስታወት መልሶ ይወረውረዋል። ሙቀት የሚያመልጥበት አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ ይቀራል፤ ሁለቱ ብርጭቆዎች የሚገናኙበት አንገትና በላዩ ያለው ክዳን። ዲዋር ይህን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1892 ሲያዘጋጀው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ትኩስ ነገር ትኩስ አድርጎ ስለማቆየት አላሰበም። ችግሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ፈሳሽ ኦክሲጅን በማናቸውም ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ ከአካባቢው በሚገባው ሙቀት ብቻ እየተንተከተከ ስለሚያልቅ፣ በእርጋታ ተቀምጦ መለካት አልቻለም።

የመፍትሔው ፍሬ ሐሳብ ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ በእጁ ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ፓላዲየም የተባለው ብረት ሃይድሮጂንን ሲውጥ የሚሆነውን ሲያጠና፣ የሙቀት መለኪያ ዕቃውን አየሩ በወጣለት ድርብ የነሐስ ግድግዳ ከልሎት ነበር። ለአንድ ሥራ የተዘጋጀች ትንሽ ዘዴ ሃያ ዓመት ከተኛች በኋላ ለሌላ ሥራ ስትነቃ ማየት ያስደስተኛል። ነሐሱን በብርጭቆ መተካቱ ሙቀት ማስተላለፉን ይቀንሳል፤ ከዚህ በላይ ደግሞ በውስጥ የሚሆነውን ለዓይን ይገልጣል፤ ስለዚህ ዲዋር ፈሳሹን ማየት ሲፈልግ ብሩን ይተወው ወይም ስንጥቅ የምታህል መመልከቻ ያስቀርለት ነበር።

ብርጭቆና እንጨት በእጁ የሚታዘዙለት ሰው የሆነበት ምክንያት ከልጅነቱ ይጀምራል። ዲዋር በ1842 በስኮትላንድ፣ በፎርዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኪንካርዲን ተወለደ። በአሥር ዓመቱ ገደማ ከበረዶ ንጣፍ ላይ ሲጫወት በረዶው ተሰብሮ ወደ ውሃው ገባ፤ ከዚያም በያዘው ከባድ የቁርጥማት ትኩሳት ምክንያት ለሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ራቀ። በእነዚያ ዓመታት ከመንደሩ አናጢ ዘንድ እየዋለ ቫዮሊን መሥራት ተማረ፤ ጣቶቹን ያፍታታው ይህ ሥራ እንደሆነ በኋላ ራሱ ይናገር ነበር። ከሠራቸው ቫዮሊኖች አንዱ፣ ስሙና 1854 የሚለው ዓመት የተጻፈበት፣ በ1921 የጋብቻው ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር ተጫውተውበታል። ዕድሜ ልኩን ቅዝቃዜን ሲያሳድድ የኖረ ሰው የመጀመሪያ ትውውቁ በረዶ ሰብሮ በመግባት መሆኑ፣ ደራሲ ቢፈጥረው ኖሮ አበዛው እንለው ነበር።

ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በኬሚስቱ ላዮን ፕሌይፌር ሥር ተማረ፣ ረዳቱም ሆነ። በ1867 ቤንዚን የተባለው የካርቦንና የሃይድሮጂን ውህድ (የመኪናው ነዳጅ አይደለም) ሞለኪውሉ ሊኖሩት የሚችሉትን አቀማመጦች የሚያሳይ ሞዴል አቀረበ፤ ከነዚያ አንዱ ዛሬም በኬሚስትሪ ትምህርት ‹የዲዋር ቤንዚን› ተብሎ ይጠራል። በዚያው ዓመት በጋውን ቤልጂየም፣ ጌንት ከተማ ከጀርመናዊው ኬሚስት ከኬኩሌ ዘንድ አሳለፈ። በ1875 በካምብሪጅ፣ በ1877 ደግሞ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የሳይንስ ተቋም የፕሮፌሰርነት ወንበር ተሰጠው፤ ሁለቱንም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ መጋቢት 1923 ድረስ ይዞ ቆየ። በካምብሪጅ ከጆርጅ ሊቪንግ ጋር በብርሃን ጨረር ትንተና ላይ ብዙ ጥናቶችን አውጥቷል፤ ልቡ ያለው ግን ለንደን ላይ ነበር፣ የኤሌክትሪክ ሊቁ ፋራዴይ በሠራበት ቤት።

ወደ ለንደን በገባበት በ1877 በፈረንሳይ ካይቴ፣ በስዊዘርላንድ ፒክቴ ኦክሲጅንን በጥቂት ጠብታ መልክ ወደ ፈሳሽነት ለውጠው ነበር፤ በ1883 በክራኮው ቭሩብሌቭስኪና ኦልሼቭስኪ በዕቃ ውስጥ ተቀምጦ የሚታይ ፈሳሽ አገኙ። ዲዋር መንገዱን የከፈተ ሰው አልነበረም፤ የእሱ ሥራ መጠኑን አብዝቶ፣ ፈሳሹን አረጋግቶ፣ ቅዝቃዜን ከአንድ ጊዜ ትርኢት ወደ ቤተ ሙከራ መሣሪያነት ማሸጋገር ነበር። በ1891 ፈሳሽ ኦክሲጅን በማግኔት እንደሚሳብ አሳየ። ከጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ጋር ብረቶች ሲቀዘቅዙ የኤሌክትሪክ መግታታቸው እንዴት እንደሚቀንስ ለካ፤ ንጥረ ነገሮች በከፍተኛ ቅዝቃዜ ውስጥ ሙቀት የመያዝ አቅማቸው እንዴት እንደሚያሽቆለቁልም ለብዙ ዓመታት ተከታተለ። እነዚህ ሁሉ ልኬቶች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ቀዝቃዛው ፈሳሽ ለሰዓታት ሳያልቅ የሚቆይበት ዕቃ። የእኔ ፔርሙዝ ሆድ ዕቃ የተወለደው ለዚህ ነው።

ዕቃው ብቃቱን ያስመሰከረበት ቀን ግንቦት 10 ቀን 1898 ነው። ዲዋር ሃይድሮጂንን በ180 አትሞስፌር ግፊት አፍኖ፣ ከዜሮ በታች 205 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዞ፣ በቀጭን ቀዳዳ በኩል ብር በተለበጠና አየር በወጣለት ድርብ ጠርሙስ ውስጥ ለቀቀው። በአምስት ደቂቃ ያህል ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት የሚበልጥ፣ ጥርት ያለ ቀለም የለሽ ፈሳሽ ተጠራቀመ፤ ከዚያ ከጋዙ ጋር የገባው ጥቂት አየር በረዶ ሆኖ ቀዳዳውን ደፈነውና ሥራው ቆመ። ያ ፈሳሽ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነው፤ በዙሪያው ያለው የክፍል አየር ለእሱ ከእቶን አይተናነስም። በማግስቱ ዓመት ሃይድሮጂንን ወደ ጠጣርነት ለወጠው። እኔ 95 ዲግሪ ውሃ ሞልቼ በክፍሉና በውሃው መካከል የ73 ዲግሪ ልዩነት ይዤ ስመካ፣ ይኸው ዕቃ ከዚያ የሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ልዩነት ተሸክሞ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል።

ወደ ፈሳሽነት ሳይለወጥ የቀረው ጋዝ ሂሊየም ብቻ ነበር፤ እዚህ ላይ ዲዋር ተሸነፈ። የሂሊየም ጋዝ ብርቅ ነበር፤ በዘመኑ ስለ ጋዙ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ዊልያም ራምዚ ደግሞ እዚያው ለንደን ውስጥ ቢኖርም፣ ሁለቱ ተጣልተው ስለነበር አብረው የሚሠሩበት መንገድ አልነበረም። ዲዋር ለጠብ የቀረበ፣ ሥራውን ከጥቂት ረዳቶች ጋር በዝግ የሚሠራ፣ የሚተካው ተማሪ ያላፈራ ሰው ነበር። ሁለት ረዳቶቹ፣ ሌኖክስና ሂዝ፣ በተለያየ ጊዜ በደረሱ ፍንዳታዎች አንድ አንድ ዓይናቸውን አጥተው እንኳ ከእሱ ጋር መሥራታቸውን ቀጥለዋል፤ ይህ ስለ እነሱ ታማኝነት ብዙ ይናገራል፣ ስለ ቤተ ሙከራው ጥንቃቄ ግን ጥሩ ምስክር አይደለም። በሆላንድ፣ ላይደን ላይ የፊዚክስ ሊቁ ካመርሊንግ ኦነስ በተቃራኒው ብርጭቆ ሠሪዎችንና መካኒኮችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከቤተ ሙከራው ጋር አቆራኝቶ፣ ሂሊየሙን ሞናዛይት ከተባለ አሸዋ አጠራቅሞ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1908 ፈሳሽ ሂሊየም አገኘ። ያስገኘለት ዕቃ ራሱ በዲዋር ሐሳብ የተሠራ ድርብ ጠርሙስ ነበር። የኖቤል ሽልማት በ1904 ለራምዚ፣ በ1913 ለኦነስ ደረሰ፤ ለዲዋር አልደረሰውም።

ከኖቤል ስም ጋር ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1889 ከፍሬድሪክ ኤብል ጋር ሆኖ ኮርዳይት የተባለውን ጭስ አልባ ባሩድ ሲሠራ፣ አልፍሬድ ኖቤል ቀድሞ ያስመዘገብሁት የእኔ ፈጠራ ነው በማለት ክስ አስነሳ፤ ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ችሎት ደርሶ በ1895 ኖቤል ተረታ። የፈጠራ ምዝገባ ምን ያህል እንደሚያዋጋ በቅርብ ያየ ሰው ጠርሙሱን ሳያስመዘግብ መተዉ አሁንም ይገርመኛል። ምናልባት የቤተ ሙከራ ዕቃ ለገበያ ይበቃል ብሎ አላሰበም። ጀርመናዊው ብርጭቆ ሠሪ ራይንሆልድ በርገር ግን አሰበ፤ ተሰባሪውን ጠርሙስ የብረት ቅርፊት አልብሶ፣ በግድግዳዎቹ መካከል ድጋፍ አስገብቶ፣ ክዳን ጨምሮ መብቱን በስሙ አስመዘገበ፤ በ1904 ደግሞ ‹ሙቀት› ከሚለው የግሪክኛ ቃል የተወሰደው ቴርሞስ የሚለው የንግድ ስም ገበያ ገባ። በእኔው ጠርሙስ ላይ የሚታዩት ሦስቱ ጠቆር ያሉ ነጥቦች የዚያ ድጋፍ ዘሮች ናቸው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። በርገር የጨመረው ቅርፊት ለዕቃው ሕይወት ሰጠው፤ የእኔ ፔርሙዝ ፋብሪካ ግን ቅርፊቱን እንደ ጌጥ ነው የቆጠረው። በሦስተኛው ወር የመያዣው መጋጠሚያ ላላ፤ በአምስተኛው ወር የታችኛው መዝጊያ ጥርሱ ስለተበላ በሞላሁት ቁጥር ጠርሙሱ ቁልቁል ተንሸራቶ ከአንገቱ ጎማ ይላቀቅ ጀመር፤ ሲጋደል በጎማውና በብርጭቆው መካከል ውሃ እየገባ ከታች ያንጠባጥባል። ክዳኑ ተጭነው የሚያፈሱበት ዓይነት ነው፤ ለአጠቃቀም ይመቻል፣ ነገር ግን ውስጡ ባዶ ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀት ያስመልጣል። ይህን ለማረጋገጥ በክዳኑ ላይ ወፈር ያለ ጨርቅ አጥፌ አስሬ ሙከራውን ደገምሁት፤ በ12 ሰዓት 72 የነበረው 75 ዲግሪ ሆነ። ዋጋው የአንድ ቁራጭ ጨርቅ የሆነ ለውጥ ሦስት ዲግሪ ካስገኘ፣ ክዳኑን የነደፈው ሰው ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው። የጥንቶቹ ፔርሙዞች ወፍራም ቡሽ በዚህ ረገድ ይሻል ነበር፤ ሽታ መያዙና መበስበሱ ባይኖር ኖሮ እመለስበት ነበር። የዲዋር ጠርሙሶች አፋቸው በጥብቅ አይዘጋም፤ የሚተነው ፈሳሽ መውጫ ካጣ ዕቃው ይፈነዳልና። ስለዚህ ጥሩ ክዳን መሥራት ሙሉ በሙሉ የፋብሪካው ፈተና ነው።

ተሰባሪነቱን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ሲገዛ የሚታወቅ ጠባይ ነው። ማንኪያ አስገብቶ ማማሰል፣ የፈላ ውሃ ካወጡ በኋላ ወዲያው በረዶ መጨመር፣ ወይም ባዶውን በቦርሳ ውስጥ ከከባድ ነገር ጋር ማንገላታት አይቻልም። የሚወድቅበት ቦታ ይዞት የሚሄድ ሰው የማይዝግ ብረት የሆነውን ይግዛ። ብረቱ ሙቀት የማስተላለፍ ጠባዩ ከብርጭቆ ስለሚበልጥ በአንገቱ በኩል ጥቂት ይሸነፋል፤ ሌላው የብረት ችግር ከግድግዳው ራሱ ጋዝ ቀስ በቀስ እየወጣ ባዶውን ክፍተት ማበላሸቱ ነው። ለዚህም መፍትሔ ያገኘው ያው ዲዋር ነበር፤ ከሰል በጣም ሲቀዘቅዝ ጋዝን በብዛት እንደሚውጥ ተጠቅሞ፣ በባዶው ክፍተት ውስጥ ጥቂት ከሰል በማስቀመጥ የብረት ጠርሙሶች ባዶነታቸውን እንዲጠብቁ አደረገ። ዛሬ በብዙ የብረት ፔርሙዞች ክፍተት ውስጥ ጋዝ የሚመጥ ሌላ ቁራጭ ነገር ይቀመጣል፤ ሐሳቡ ግን ከዚያው የመጣ ነው። በሆስፒታልና በምርምር ተቋማት ፈሳሽ ናይትሮጂን የሚቀመጥባቸው ትልልቅ ጋኖችም እስከ ዛሬ በስሙ ‹ዲዋር› እየተባሉ ይጠራሉ።

ለቤት ወይም ለቢሮ ጠረጴዛ፣ ቦታ ለማይቀይር አገልግሎት፣ የብርጭቆውን እመርጣለሁ፤ ሽታ አይዝም፣ በቀላሉ ይታጠባል፣ ሙቀትም በሚገባ ይጠብቃል። ውስጠኛው ጠርሙስ ለብቻው የሚሸጥለት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ በእኔ ዘንድ ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ፣ ጠርሙሱ ደህና ሆኖ የሚሸጥ ቅርፊት ነው ያጣሁት። የሚገዛ ሰው የቅርፊቱን ቀለም ትቶ የታችኛውን መዝጊያ ጥርስ ውፍረት በጣቱ ይዳስስ፣ ክዳኑን ነቅሎ ውስጡ ባዶ መሆን አለመሆኑን ይይ። ወደ ቤት ሲገባም በመጀመሪያው ቀን የፈላ ውሃ ሞልቶ ለግማሽ ሰዓት ካቆየው በኋላ ጠርሙሱን ከቅርፊቱ ሳያወጣ መዳፉን በጎኑ ላይ ያሳርፍ። ጎኑ ከክፍሉ አየር የማይለይ ከሆነ ባዶው ክፍተት ደህና ነው፤ ለብ ካለው ግን ከታች ያለችው ጭራ አየር አስገብታለችና ደረሰኙን ይዞ በዚያው ቀን ይመልሰው።